የሱልጣና ባለ ገበር ጉርድ

በ1974 ዓ.ም. ግንቦት፣ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰው ቢችል ቆዳውን አውልቆ ሚስማር ላይ በሚሰቅልበት ወር፣ ከአዲስ አበባ በመጣው ባቡር አንድ እሽግ ወረደ። በውስጡ ሃምሳ ቀጫጭን መጻሕፍት ነበሩ። ሽፋናቸው ላይ በቀይ ቀለም «ለጀማሪ እኅቶች፤ ባለ ገበር ጉርድ ቀሚስን በቤት ውስጥ የመስፋት መመሪያ» ተብሎ ታትሟል። ልብ አድርጉ፤ ባለ ገበር ነው። ላዩ ካኪ፣ ውስጡ አቡጀዲ። በአዋሽ፣ በግንቦት። ደራሲው ይህን ሲጽፍ ጋቢ ደርቦ ምድጃ ዳር ተቀምጦ እንደነበር መማል ይቻላል።

መመሪያው እንደ ዘመኑ መመሪያዎች ሁሉ ወደ ጉዳዩ አይቸኩልም። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ገጾች ስለ ሴቶች ድርብ ጭቆና፣ ስለ ባላባታዊው ሥርዓት መገርሰስና ስለ ምርት ኃይሎች ዕድገት ያትታሉ። መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ የምትለው ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው፤ እሷም ብትሆን «የጭቁኖች መሣሪያ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቷት ነው። ክር ከዘጠነኛው ገጽ በፊት አይገኝም።

ይህን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበበች ሴት በከተማው አንድ ብቻ ናት፤ ሱልጣና። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚዘለሉ መሆናቸውን የነገራት ሰው አልነበረም። ጣቷን በየቃሉ ሥር እየጎተተች ባላባቱን ስትገረስስ ሁለት ቀን ፈጀባት።

ሱልጣና የባቲ ልጅ ናት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጭነት መኪና ረዳት የነበረውን ባሏን ተከትላ አዋሽ ወረደች። ባልየው አንድ ቀን ወደ አሰብ ሄደና የመመለሻው መንገድ ጠፋው፤ እስካሁንም እየፈለገው ሳይሆን አይቀርም። እሷ ቅርጫት ገዝታ ባቡር ጣቢያው ላይ የተቀቀለ እንቁላል መሸጥ ጀመረች። የባቡር ተሳፋሪ የሚባለው ፍጡር ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ባቡሩ ቆሞ ሳለ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያዛጋል፤ ፊሽካ ተነፍቶ ፉርጎው መንቀሳቀስ ሲጀምር ድንገት እንቁላል ያምረዋል። ስለዚህ ሱልጣና ይኼን ሁሉ ዓመት በአንድ እጇ ቅርጫት፣ በሌላው እንቁላል ይዛ ከባቡር ጎን ስትሮጥ ኖረች። ባለፈው ጥቅምት ሐዲዱ ዳር ያለው ጠጠር አዳልጧት ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጉልበቷ ገና ደረጃ ሲያይ ማቃሰት ይጀምራል።

«መቆም ቀንሺ» አላት የጤና ጣቢያው ድሬሰር። «ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ፈልጊ።»

«ቁጭ ብሎ የሚሠራው አንተና የቀበሌው ሊቀመንበር ናችሁ» አለችው። «ከሁለታችሁ ማን ይለቅልኛል?»

ወንበር የተገኘው በዚህ መሀል ነው። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር የስፌት ቤት ሊከፍት ሆነ፤ ስምንት የስፌት መኪና፣ ስምንት ወንበር፣ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት። በዚያ ዘመን ወንበር የሚሻ ሰው ሁሉ ሊገዛበት ነበር የሚሻው። ሱልጣና ልትቀመጥበት ብቻ ፈለገችው። ችግሩ ሌሎች ሃያ ሴቶችም ይህንኑ መፈለጋቸው ነው።

የማኅበሩ መሪ ጓድ ውባንች ሁሉንም አዳራሽ ሰብስባ ደንቡን አስታወቀች። «እያንዳንዷ እኅት ሁለት ሜትር ካኪና ሁለት ሜትር አቡጀዲ ትረከባለች። በቤቷ፣ በእጇ ትሰፋለች። እሑድ ለብሳው ትመጣለች። ልብስ ሰፊ ያስነካች ከውድድር ውጪ ናት። የተበላሸ ጨርቅ አይተካም።»

«ጓድ፣ ገበሩ ግን ለምን አስፈለገ?» አለች አንዷ። «ሙቀቱ እኮ...»

«ገበሩ መመሪያው ውስጥ አለ።»

«አለ፤ ግን ለምን?»

«ገጽ አሥራ አንድ።»

ጓድ ውባንች በዕድሜዋ አንድ ቁልፍ እንኳ ተክላ አታውቅም። የገጽ ቁጥር ግን ከእሷ የሚያመልጥ አልነበረም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሱልጣና በአጥሩ ላይ ተጣራች። «አንቺ ንዑስ ከበርቴ፣ ሜትርሽን ይዘሽ ነይ።»

ጎረቤቷ ንጋትወርቅ የባቡር መካኒክ ሚስት ናት። ሬዲዮና የሚታጠፍ አልጋ ስላላት ማኅበሩ «ንዑስ ከበርቴ» ብሎ መድቧት ከውድድሩ አስቀርቷታል። መጀመሪያ አልቅሳ ነበር፤ በኋላ ማዕረጉን ወደደችው።

«መጣሁ» አለች። «ለመሆኑ ጭቁን ሜትር የላትም?»

«ሜትር ቢኖረኝ እጨቆን ነበር? በይ ለኪኝ። ‹በመጀመሪያ የወገብን ዙሪያ በትክክል ይለኩ› ይላል።»

ንጋትወርቅ ሜትሩን አዙራ ጠበቅ አደረገችና ቁጥሩን አየች። «ሰማንያ ስድስት። ይገርማል። ከላይ ዘንግ፣ ከታች ዘንግ፣ መሀሏ ጎተራ።»

«የተረፈውን እንቁላል ማን በላው መሰለሽ? ጻፊው።»

ጻፈችው። ሁለቱም ምንም አልታያቸውም። ሜትሩ የዞረው በመቀነት ላይ ነበር። ስምንት ክንድ መቀነት፣ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ የተጠመጠመ፤ በእጥፋቱ ውስጥ የቤት ቁልፍ፣ የዕለት ሽያጭ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀትና እናቷ የሰጠቻት ኪታብ ያለበት። ለባቲ ሴት ደግሞ መቀነት ልብስ አይደለም፤ ወገብ ነው። ታጥቃው ትሠራለች፣ ታጥቃው ትሮጣለች፣ ብዙ ጊዜም ታጥቃው ትተኛለች። ወገብሽን አምጪ ስትባል እሱኑ ታቀርባለች። ስድስት ገጽ ሙሉ ባላባት ሲገረስስ የዋለው ደራሲ «መቀነትሽን ፍቺ» የምትል አንዲት መስመር ለመጨመር ቀለም አለቀበት።

መመሪያው መሀል ታጥፎ የተሰፋ ትልቅ ወረቀት አለ፤ የፊቱ፣ የኋላውና የወገቡ ማሰሪያ ቅርጽ በመስመር ተሥሎበታል። ሱልጣና በልኳ አስፍታ ጋዜጣ ላይ ገለበጠችው፣ ካኪውን አጥፋ መሬት ላይ ዘረጋች፣ ጋዜጣውን አስተኛችና በሳሙና ስባሪ ዙሪያውን አሠመረች። መቀሱን አነሣች። «ቢስሚላህ» ብላ ቆረጠች። አቡጀዲውንም በዚያው ልክ ደገመችው።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ከተማው በሙቀት ተሸንፎ በሚዘረርበት ከሰዓት በኋላ፣ በሯ ሥር ባለችው ጥላ ቁጭ ብላ ሰፋች። ወደፊት አንድ እርምጃ፣ ወደኋላ ግማሽ እርምጃ የሚሄድ ስፌት ነው፤ በብዙ ስብሰባ የተቀመጠች ሴት አይከብዳትም። መጀመሪያ የገበሩን ስፌት ወደ ገላዋ አዙራ አያይዛው ነበር። ንጋትወርቅ ጮክ ብላ አነበበችላት፤ «የካኪው ስፌትና የገበሩ ስፌት ይተያዩ፤ ገላን የሚነካው ልስልሱ ገጽ ነው።» ፈታችና እንደገና ሰፋች። በጎኑ በኩል ሁለት ቁልፍ ተከለች። ሐሙስ ማታ ፀሐይ ልትገባ ስትል ጉርዱ አለቀ፤ ሱልጣና በመቀነቷ ላይ ለብሳው ግቢ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞረች። ልክክ ያለ ነበር።

ዓርብ የገላ መታጠቢያ ቀን ነው። መቀነቱም በወር አንዴ የሚታጠበው ዓርብ ነው፤ ያን ዕለት ተራው ደርሶ ገመድ ላይ ተሰጣ። ሱልጣና ታጥባ ወጣችና የጉርዱን ጫፍ እንደገና ለማየት አነሣችው። ለበሰች፣ ሁለቱን ቁልፍ ቆለፈች፣ እጇን ለቀቀች። ጉርዱ ምንም ሳያመነታ እግሯ ሥር ቁጭ አለ።

ዝቅ ብላ አየችው። ቀና ብላ ገመዱ ላይ የሚንጠባጠበውን መቀነት አየችው። ነገሩ ወዲያው ገባት።

ንጋትወርቅ ስትሰማ እስክትታጠፍ ሳቀች፤ ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ መላ አመጣች። «ምን ያስጨንቅሻል? እሑድ መቀነትሽን ታጥቀሽ ከላዩ ልበሺው። ትናንት ልክሽ አልነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

መላው እንከን አልነበረውም። ሱልጣና ግን ጉርዱን ከመሬት አንሥታ አቧራውን አራገፈች።

«ስፌት ቤት ገባሁ እንበል» አለች። «የደንብ ልብስ ለሌላ ሰው ልሰፋ ነው። ለዚያች ሴት ከልብሱ ጋር መቀነቴን ልስጣት?»

«አንቺ ደግሞ፤ መጀመሪያ ግቢ እስቲ።»

«የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ከምገባ እንቁላሌን ብቀቅል ይሻለኛል።» ይህን ያለችው የታመመ ጉልበቷን እያሸች ነው።

መቀሱን ይዛ ግራና ቀኙን ልትሸርፍ ተነሣች። መጀመሪያ ግን ቀጥ አድርጋ ስለ መቁረጧ እርግጠኛ ስላልነበረች፣ ጉርዱን ክንዷ ላይ ጥላ ወደ ከድሩ በረንዳ ሄደች። ከድሩ በከተማው የታወቀ ልብስ ሰፊ ነው፤ በሲንጀሩ ላይ ከተቀመጠ ሃያ ዓመት ሆኖታል። አዲሱ ስፌት ቤት እንጀራውን ሊሻማው ስለሆነ ሰሞኑን አፉ ከመርፌው ይበልጥ ይወጋል።

«አያ ከድሩ፣ እንድትነካልኝ አይደለም» አለች ከሩቁ። «ጎንና ጎኑን አራት አራት ጣት ብቆርጠው ያምርበታል ወይ ልልህ ነው።»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ እኮ በመጽሐፋችሁ ገጽ አራት ላይ ‹የግል ጥቅም አሳዳጅ› ነኝ።»

«አንብበኸዋል ማለት ነው?»

«አስነብቤ ሰማሁ። ስድቤን በሰው አፍ እሰማለሁ እንጂ ለመሰደቢያ ሳንቲም አልከፍልም።» መኪናውን አቆመና ጉርዱን በዓይኑ ብቻ መረመረ። እጁን ከኋላው አጣምሯል። «ስፌቱ ደኅና ነው። መቀሱን ለምን ይዘሻል?»

«ትርፉን ልቆርጥ።»

«አዬ ጀማሪ። ጎኑን ከቆረጥሽ ዳሌሽ ላይ ይጣበቅና ደረጃ አያስወጣሽም። ጨርቁ ትርፍ የሆነው ወገብሽ ላይ ነው፤ ዳሌሽ ላይ ያለውማ መራመጃሽ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«መመሪያሽን ጠይቂው» አለና ወደ ሥራው ዞረ። ሆኖም እጁ ላይ የነበረውን ሱሪ አነሣና፣ ለማንም እንደማያሳይ ሰው፣ ወገቡ ላይ አንድ እጥፋት በቀስታ አጠፈ። ፈታው። እንደገና አጠፈው። ሦስተኛ ሲያጥፍ ሱልጣና ሄዳ ነበር።

ያን ከሰዓትና ቅዳሜን ሙሉ ወገቡን ፈታች። የካኪውን ትርፍ ፊት ለፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ሽንሽን አድርጋ አጠፈችው። ገበሩንም በዚያው ቦታ ስታጥፍ ግን ወገቡ እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ፤ አራት እጥፍ በአራት እጥፍ ላይ ተከምሮ መርፌ አላሳልፍ አለ። ጉርዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብዙ አሰበች። ዓይኗ ለነገ በተደረደረው የእንቁላል ቅርጫት ላይ ነበር። እንቁላል በእንቁላል አናት ላይ አይቀመጥም፤ ይሰበራል። ሁለተኛው ረድፍ የሚያርፈው በመጀመሪያው ረድፍ መሀል መሀል ባለው ጎድጓዳ ላይ ነው። የገበሩን ሽንሽን ከካኪው ሽንሽን ቦታ አንሥታ በመሀል በመሀሉ አስገባችው፣ እጥፋቱንም ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረችው። ወገቡ ተኛ። መርፌው አለፈ።

እሑድ ጠዋት ሃያ አንድ ሴቶች በቆርቆሮው አዳራሽ ተሰለፉ። በገበር ላይ ካኪ፣ በካኪ ላይ ቆርቆሮ። ከድሬዳዋ የመጣችው የስፌት አስተማሪ ሀምዳ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ዝምተኛ ሴት፣ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣ በመመሪያው ቅጂ ታራግባለች፤ እስካሁን ከተገኘለት ጥቅም ይኼኛው ሳይሻል አይቀርም። ጓድ ውባንች ንግግሯን ጀመረች። አርባኛው ደቂቃ ላይ ዓይኗ የአሥራ አንድ ሴቶች ወገብ ላይ አረፈ። በካኪው ሥር ሁሉም አብጧል።

«ይኼ ምንድን ነው? ሆዳችሁ ላይ ምን ደብቃችሁ ነው የመጣችሁት?»

«መቀነት ነው፣ ጓድ» አለች ሙስሊማ፣ የጣቢያው ሻይ ቤት ሠራተኛ።

«ካኪ የሠራተኛው መደብ ልብስ ነው። ከባላገር መቀነት ጋር አይሄድም። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታችሁ ፍቱ።»

«ጓድ፣ ባይፈታ?» አለች ሙስሊማ።

«ፍቱ አልኩ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ሱልጣና ያን ጊዜ ተረዳች፤ አሥራ አንዱም እንደ እሷ ከወሎ ናቸው፣ አሥራ አንዱም ወገባቸውን ከነመቀነቱ ለክተዋል። ገቡ። ሲወጡ እያንዳንዳቸው ጉርዳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር።

ጓድ ውባንች ንግግሯን ቋጨችና ግራ እጇን አነሣች። መፈክር ነው። ሴቶቹም ግራቸውን አነሡ፤ ቀኛቸው እንደያዘ ቀረ። እስከዚህ ደኅና ነበር። ከመፈክር በኋላ ግን ጭብጨባ አለ፤ ጭብጨባ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሱልጣና እንደ ልማዷ አጨበጨበች፤ ከጥቂት ጭብጨባ በኋላ ከእሷና መቀነት ካልታጠቁት ሴቶች በቀር የሚያጨበጭብ እንደሌለ ሰማች።

የጓድ ውባንች ፊት ተለወጠ። «ለምንድን ነው የማታጨበጭቡት? ይህ ተቃውሞ ነው? ማን ነው ያደራጃችሁ?»

በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ የሚያሥቅ አልነበረም። በር ላይ የቆመው የአብዮት ጠባቂ ሳይቀር ጠመንጃውን አስተካከለ። ሙስሊማ ደንግጣ አጨበጨበች። ጉርዷ ወደቀ። ምስኪን፣ የውስጥ ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ባይደርስ ኖሮ እዚያው በሞተች ነበር። ጠባቂው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ጓድ» አለች ሱልጣና። «ተቃውሞ አይደለም። መቀነታችን ላይ ለክተን ነው። ወገብ ይለኩ ይላል፤ መቀነት ይፍቱ አይልም። የእኔም ወድቆ ነበር፣ ዓርብ ዕለት።»

«የአንቺ ግን አልወደቀም።»

«ፈትቼ ሸንሽኜው ነው።»

«ሽንሽን?» ጓድ ውባንች ገጽ ገለጠች። «ሽንሽን በመመሪያው የለም። እንግዲያስ አንቺም ከመመሪያው ውጪ ነሽ።»

ሱልጣና ወንበሩ ሲርቅ ታያት። ሀምዳ ማራገቧን ያቆመችው በዚህን ጊዜ ነው። ተነሥታ መጣችና ሱልጣናን ከመጋረጃው ጀርባ ወስዳ ጉርዱን አስወለቀቻት፣ ገልብጣ ስፌቱን በጥፍሯ ጫፍ ተከተለችው። ወገቡ ላይ ስትደርስ መነጽሯን አነሣች።

«የገበሩን እጥፋት ከካኪው መሀል ያስገባሽው ማን አሳይቶሽ ነው?»

ሱልጣና መዋሸት አሰበች፤ ጊዜ አልበቃትም። «ሽንሽኑን አያ ከድሩ ሱሪ ሲያጥፍ አየሁ። አልነካልኝም። ገበሩን ግን ከእንቁላል ነው የተማርኩት።»

«ከእንቁላል?»

በእጆቿ አሳየቻት፤ አንዱ ረድፍ እዚህ፣ ሁለተኛው በመሀሉ። ሀምዳ ጉርዱን መልሳ ሰጠቻትና ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ይህን ተማሪዎቼ በሁለተኛ ዓመታቸው ነው የሚያውቁት» አለች ለጓድ ውባንች። «መዝግቢያት። የሌሎቹም ስፌት መጥፎ አይደለም፤ ወገባቸው ብቻ ነው። ሳምንት ስጫቸውና እሷ ታሳያቸው። ሰባቱን ያኔ እመርጣለሁ።»

«መመሪያው ግን...»

«መመሪያው ይቆየን፣ ጓድ።»

ጓድ ውባንች መመሪያውን ዘጋች። ከዚያ ቀና ብላ፣ እኅት ሱልጣና መመሪያውን ከአካባቢው ተጨባጭ ሁኔታ ጋር በፈጠራ እንዳዋሐደች፣ ይህም በማኅበሩ ትክክለኛ አመራር የተገኘ ድል እንደሆነ ለጉባኤው አስታወቀች። ለወረዳ የሄደው ሪፖርት ላይም እንዲሁ ተጽፏል፤ ሱልጣና የሚለው ስም ብቻ በአጋጣሚ ሳይገባ ቀርቷል። የስፌት ቤቱ መዝገብ ላይ ግን የመጀመሪያው ስም የእሷ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሴቶች የሱልጣናን ግቢ ሞሉት። ንጋትወርቅ የሚታጠፈውን አልጋዋን ለመቀመጫ አውጥታ፣ ሜትሯን በአንገቷ አንጠልጥላ ወገብ ትለካለች፤ መቀነቶቹ በገመድ ላይ ተሰቅለዋል።

«ስልሳ ስምንት» ትላለች። «ስልሳ አምስት። ወይ ጉድ፣ ለካስ ሁላችሁም ቀጫጮች ናችሁ። ቀጣይ።»

ሙስሊማ ግን ከአልጋው ጫፍ አልተነሣችም። ጉርዷን ፈትታ ጨርሳ ታጥፋ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ተራዋ ሲደርስ ሱልጣናን በጣቷ ጠራቻት፣ ጎንበስ ስትልላትም ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች።

«ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለች ሱልጣና።

«አራተኛዬ። ሳልወልድ ወገቡ ቢጠበኝስ ብዬ ነው ያልተነሣሁት። እንግዲህ ወንበሩን ለእኔ አይሰጡኝም።»

«ልብስ ነው እንጂ ሆድ አልጠየቁሽም» አለች ሱልጣና፣ አጠገቧ እየተቀመጠች። ካኪውን ተቀብላ በእጇ ዳበሰችው፣ አንዱን እጥፋት በጣቷ ይዛ አሳየቻት። «አንቺ ከአራት ይልቅ ስድስት ሽንሽን አድርጊ። አጥብቀሽ አትስፊ፤ በረጅም በረጅሙ፣ ልል አድርገሽ። ሐምሌ ላይ ሁለቱን ትፈቻለሽ፣ ነሐሴ ላይ ሁለቱን።»

«መስከረምስ?»

«መስከረም የቀሩትን። በይ መርፌሽን አምጪ።»